ጀርባው ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአራዳ ጊዮርጊስ ቁልቁል ከሚወርዱት ጠባብ መንገዶች በአንዱ ስሄድ፣ የእንጨት በረንዳው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ከዝገት ብዛት የተቆላ ቡና የመሰለ፣ ነገር ግን የክፈፉ እንጨት እንደ ቀሚስ ጥልፍ ተፈልፍሎ የተሠራ አንድ ባለ ደርብ ቤት አይቼ ፎቶግራፍ ላነሣ ቆምሁ። በደጃፉ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ የነበሩ አንዲት ባልቴት ቀና ብለው፣

«ምን ታነሣለህ ልጄ?» አሉኝ።

«ቤቱን ነው እማማ፤ ከፈቀዱልኝ።»

«ሰው የሌለበት ቤት ምን መልክ አለው? ቆይማ፣ ነጠላዬን ልልበስ።»

ነጠላቸውን ለብሰው ከበረንዳው ምሰሶ አጠገብ ቆሙ፤ እኔም አነሣሁና አሳጥቤ እንደማመጣላቸው ቃል ገብቼ ሄድሁ። ከሁለት ወር በኋላ ቃሌን ጠብቄ ባመጣሁላቸው ጊዜ መልካቸውን ጥቂት ካዩ በኋላ ወረቀቱን ገለበጡና ለልጅ ልጃቸው ሰጥተው «ምን ይላል? እስኪ አንብቢልኝ» አሏት። ልጅቱም ጀርባውን አይታ «ምንም አልተጻፈበትም» አለች። «ታዲያ እኔ ስሞት፣ ቤቱም ሲፈርስ፣ ይህ የማን ቤት ነበረ ሊባል ነው?» አሉኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። ያን ዕለት ማታ ለዓመታት ያጠራቀምኋቸውን ፎቶግራፎች ከካርቶናቸው ዘርግፌ ብመረምር፣ ስንት በርና ስንት ሰገነት፣ ስንት የተወለወለ ደረጃና ስንት የተሰበረ መስኮት ከየትኛው ሰፈር እንዳገኘሁት እኔው ያነሣሁት ሰው መለየት ተሳነኝ። ሥዕሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ነገር ግን አባቱ እንዳልታወቀ ሕፃን ስም የለውም። ስለ ጎዳና ፎቶግራፍና ማንም ልብ ስለማይላቸው ጥንታውያን ሕንፃዎች ለመጻፍ የተነሣሁት የባልቴቷ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ከኅሊናዬ ስላልጠፋ ነው።

የጎዳና ፎቶግራፍ ከስቱዲዮ ፎቶግራፍ የሚለይበት ምክንያት ቀላል ነው። በስቱዲዮ ሰው ወደ ካሜራው ይሄዳል፤ ልብሱን አሳምሮ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ መልኩን አስተካክሎ ይቀመጣል። በጎዳና ግን ካሜራው ወደ ሰው ይሄዳል፤ ሰውም ሕንፃም ሳይዘጋጁ፣ ዕለቱ እንዳዋላቸው ሆነው ይገኛሉ። በአገራችን ብዙ ዘመን የከበረው የስቱዲዮው ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ፣ በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት እየተከታተሉ የነገሥታቱንና የመኳንንቱን መልክ ለትውልድ አቆይተዋል። በእነዚያ ፎቶግራፎች ካባው፣ ለምዱ፣ ጎራዴውና ኒሻኑ ሁሉ በወግ በወጉ ይታያል። ካባውን የለበሰው ጌታ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚወጣው ደረጃ፣ ማታ የሚቀመጥበት በረንዳ፣ ሎሌው የሚጠብቅበት በር ግን ከሥዕሉ ውጭ ይቀራል።

እነዚህ ቤቶች እነማን ናቸው? አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም በእቴጌ ጣይቱ ፈቃድ በፍልውሃ ዙሪያ ስትቆረቆር የድንኳንና የሣር ጎጆ ከተማ ነበረች፤ ከዓድዋ ድል በኋላ ግን መኳንንቱ በየተሰጣቸው ጉብታ ላይ፣ ነጋዴዎቹም በአራዳ ገበያ ዙሪያ የሚከርም ቤት ማሠራት ጀመሩ። ሥራውን የሠሩት ከየአገሩ የመጡ እጆች ናቸው፤ የሕንድ አናጢዎችና ግንበኞች፣ አርመኖች፣ ግሪኮችና ጣልያኖች ከአበሻው ጭቃ መራጊና ጠራቢ ጋር ሆነው አንድ ሌላ ስፍራ የማይገኝ ዓይነት ቤት ወለዱ። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ ወይም እንጨትና ጭቃ ነው፤ ጣሪያው ክረምቱን ለመቻል ቀጥ ብሎ የወጣ ቆርቆሮ ነው፤ ቤቱን የሚዞረው በረንዳ በእንጨት ምሰሶ ላይ ይቆማል፤ የጣሪያውን ጠርዝ የሚከብበው ክፈፍ ከሕንድ አገር በመጣ ጥበብ እንደ ዳንቴል ተበስቶ ይንጠለጠላል፤ እልፍኙ ግን የአገሬውን ወግ አይለቅም። እንዲህ ያለውን ቤት ከግድግዳው እስከ ክፈፉ ያነበበ ሰው የአንድ ዘመን የንግድና የሥልጣን ታሪክ ያነባል።

ከእነዚህ ጥቂቶቹ ስም አግኝተዋል። በ1900 ዓ.ም ገደማ የተከፈተው የእቴጌ ሆቴል የከተማይቱ የመጀመሪያ ሆቴል መሆኑን የማያውቅ ጥቂት ነው፤ በጥር 2007 ዓ.ም ከፊሉ በእሳት በተጎዳ ጊዜም ሕዝቡ የዘመድ መርዶ የሰማ ያህል አዝኗል። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት በመስቀል አደባባይ አጠገብ የአዲስ አበባ ሙዚየም ለመሆን በቅቷል። በ1922 ዓ.ም የተመረቀው የለገሐር ባቡር ጣቢያም ባቡሩ ካቆመ በኋላ እንኳ ስሙን ለሰፈሩ ሰጥቶ ቀርቷል። በአንጻሩ የቤኒሻንጉሉ ገዥ የሼህ ሆጀሌ ስም በሕዝብ አፍ ተለውጦ «ሸጎሌ» ሆኖ በየዕለቱ በታክሲ ረዳት ሲጠራ ይውላል፤ ነገር ግን ታክሲው ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ስሙ የሰው ስም እንደ ነበረ፣ ሰውየውም በዚያ አካባቢ ቤት እንደ ነበራቸው የሚያውቅ ስንቱ ነው? ስም ከቤቱ ተለይቶ ሲቀር ቤቱ ዕውር ይሆናል፤ ቤት ከስሙ ተለይቶ ሲቀር ደግሞ ስሙ ባዶ ድምፅ ይሆናል።

ሕንፃዎቹ በዓይን ፊት ሳሉ የተሰወሩበት አንዱ ምክንያት በሕግ መዝገብ ይገኛል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ብቻ ሲተው፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ትርፍ ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፉ። አንድ ነጋዴ ወይም አንድ ባላባት ከነቤተሰቡ ይኖርበት የነበረው ግቢ በኮምፔንሳቶና በመጋረጃ እየተከፋፈለ የብዙ አባወራ መጠለያ ሆነ፤ በረንዳው ተደፍኖ ማድቤት፣ እልፍኙ ተከፍሎ አራት ክፍል፣ የፊተኛው በር ሱቅ ሆነ። ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረም፤ ነገር ግን ያው ድህነት ቤቱን አፍርሶ ሌላ የሚሠራበትን አቅምም ስለከለከለ ለብዙዎቹ ቤቶች ቸልታው ራሱ ጠባቂ መልአክ ሆኖላቸው ኖረ። ዛሬ ግን ዘመኑ ተለውጧል፤ በ2016 ዓ.ም በፒያሳ እንደ ታየው፣ መንገድ ለማስፋትና ከተማውን በአዲስ መልክ ለመሥራት ሲባል አሮጌ ሰፈሮች በአጭር ጊዜ ከቦታቸው ተነሥተዋል።

እንዲህ ያለው ዘመን በእኛ አልተጀመረም። በፓሪስ ከ1853 እስከ 1870 እ.ኤ.አ. የሴን አውራጃ ገዥ የነበረው ባሮን ኦስማን በንጉሠ ነገሥቱ በሦስተኛው ናፖሌዎን ትእዛዝ ጠባቡን መንደር እየሰነጠቀ ሰፋፊውን ጎዳና አወጣ። ከእርሱ መዶሻ የተረፈውን ለመሰብሰብ የተነሣው ሰው ሹምም ሊቅም አልነበረም። ኤዠን አጄ ይባላል፤ በ1857 በቦርዶ አቅራቢያ በሊቡርን ተወለደ፣ በልጅነቱ እናትና አባቱን አጣ፣ መርከበኛ ሆኖ ሠራ፣ ተዋናይ ሊሆን ሞክሮ አልሆነለትም፣ ሠዓሊነትንም ቀምሶ ተወው። በመጨረሻ ለሠዓሊዎች በአብነት የሚያገለግሉ ፎቶግራፎች ሻጭ ነኝ የሚል ጽሑፍ በደጁ ለጥፎ፣ ከመቶ ዓመቱ መለወጫ ጥቂት ቀደም ብሎ አሮጌዋን ፓሪስ በየመንገዷ ማንሣት ጀመረ።

መሣሪያው ሃያ ኪሎ የሚጠጋ ሸክም ነበር፤ የእንጨት ካሜራ፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያና ወርዱ 18 ቁመቱ 24 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ሰሌዳ። ይህንን ተሸክሞ ገና ጎህ ሲቀድ ይወጣል፤ ብርሃኑም ደካማ ስለሆነ የካሜራው ዓይን ለረጅም ጊዜ ይከፈታል፤ ስለዚህ የቆመው ሕንፃ ጥርት ብሎ ሲታተም የሚያልፈው ሰው ወይ እንደ ጢስ ደብዝዞ ይቀራል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። የሚያነሣው ሐውልትና ቤተ መንግሥት ብቻ አልነበረም፤ የበር መዶሻ፣ የደረጃ ብረት፣ የመጠጥ ቤት ምልክት፣ የጓሮ ጕድጓድ፣ ጨርቅ ለቃሚው የሚያድርበት ጎጆ ሁሉ ነበር። ገዢዎቹም ቤተ መጻሕፍት፣ ሙዚየሞች፣ ብረት ሠሪዎችና ቤት አስጌጮች ነበሩ። የሱርሪያሊስት ሠዓሊዎች በ1926 ከሥራው አንዱን በመጽሔታቸው ሽፋን ላይ ሊያወጡ በጠየቁት ጊዜ ስሙ እንዳይታተም ለመነ፤ እርሱ የሚሠራው ሰነድ እንጂ ሌላ አይደለምና።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ ነው። አጄ በእያንዳንዱ መስታወት ላይ ቍጥር ይጭር ነበር፤ በታተመው ወረቀት ጀርባም የመንገዱን ስምና የቤቱን ቍጥር በእርሳስ ይጽፍ ነበር። በ1920 ከ2,600 የሚበልጡ ሰሌዳዎቹን ለፈረንሳይ መንግሥት በ10,000 ፍራንክ ሊሸጥ የቻለው፣ ዛሬም የፓሪስ ታሪክ ጸሐፊ በእነርሱ ሊመሰክር የሚችለው፣ በዚያ እርሳስ ምክንያት ነው። በ1927 ሲሞት የቀረው ሥራው በነበር ሊቀር ተቃርቦ ሳለ፣ በርኒስ አቦት የምትባል ወጣት አሜሪካዊት ገንዘብ ፈልጋ ገዝታ ወደ ኒው ዮርክ ወሰደችው፤ ከዚያም የእርሱን ፈለግ ተከትላ በ1930ዎቹ ዓመታት የምትለዋወጠውን ኒው ዮርክን መንገድ በመንገድ መዘገበች። የአጄም ሥራ በ1968 እ.ኤ.አ. በዚያው ከተማ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ገባ።

የእኛ ዘመን ኢትዮጵያውያንም በዚህ ሙያ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። በሥዕል ትምህርት ተመርቆ የቅባት ቀለም ለጤናው ስላልተስማማው ወደ ካሜራ የዞረው ሚካኤል ጸጋዬ፣ የሚፈርሱትን የአዲስ አበባ ሰፈሮች ከፍርስራሻቸው ጋር በትዕግሥት አንሥቷል። ግርማ በርታ ደግሞ በስልኩ እያነሣ የአጄን ተቃራኒ አድርጓል፤ የአዲስ አበባን ተላላፊ፣ ሊስትሮውን፣ ተሸካሚውን፣ ባለጃንጥላዋን ከጎዳናው ነቅሎ በአንድ ወጥ ቀለም ላይ ብቻውን አቆመው። አጄ ሰው የሌለበትን ጎዳና አሳየን፤ ግርማ ጎዳና የሌለበትን ሰው አሳየን። ባልቴቷ «ሰው የሌለበት ቤት ምን መልክ አለው?» ሲሉኝ ሁለቱን ያስታረቁ ይመስለኛል፤ በምሰሶው አጠገብ የቆመ ሰው ለበረንዳው ከፍታ መለኪያው፣ ለዕድሜውም ምስክሩ ነውና።

ይህን ሥራ ልሞክረው ለሚል ሰው ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ብርሃንን ማወቅ ግን ግድ ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች በቀትር ፀሐይ ከአናት ላይ ትቆማለች፤ ያን ጊዜ ሰፊው የጣሪያ ክፈፍ ጥላውን በበረንዳው ላይ ስለሚጥል ከሥሩ ያለው ጥርብ ሥራ ሁሉ በጨለማ ይዋጣል። ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ማታም ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ዝቅ ብላ ከክፈፉ ሥር ስትገባ ግን እንጨቱ መዶሻና ምሳሩ ያረፈበትን ሁሉ ይናገራል። ክረምቱ ወጥቶ አቧራው ሳይነሣ በመስከረምና በጥቅምት ያለው አየር ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ካሜራውን ወደ ላይ ያንጋጠጠ ሰው ቤቱ ወደ ኋላ የሚወድቅ አስመስሎ ያነሣዋል፤ አጄ የካሜራውን ዓይን ብቻ ወደ ላይ እየገፋ ይህን ችግር ይከላከል ስለነበር የአንዳንድ ሥዕሎቹ የላይ ማዕዘን ጠቁሮ ይታያል። ስልክ የያዘ ሰው ግን ከማዶ ካለው ሕንፃ ደረጃ ላይ ጥቂት ወጥቶ ቀጥ አድርጎ ቢይዘው ይበቃዋል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ሰላምታ ይቀድማል፤ በደጁ የተቀመጠን ሰው ሳያስፈቅዱ ማንሣት ቤት ሰብሮ ከመግባት ብዙ አይለይም፤ ሰላምታ የሰጠ ግን ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ታሪክም ተጨምሮለት ይመለሳል።

የቤተ ክርስቲያናችን ሠዓሊዎች በዚህ ነገር መምህሮቻችን ሊሆኑ ይችላሉ። በጥንቱ ግድግዳና በብራናው ላይ ሥዕል ብቻውን አይቆምም፤ በራሱ አጠገብ «ሥዕለ ማርያም ምስለ ፍቁር ወልዳ» ተብሎ ይጻፋል፤ ወይም «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር ቃል የተደረገው ነገር እንደምን እንደተደረገ ይናገራል። ሠዓሊው እመቤታችንን ሕዝቡ እንዳያውቃት ሰግቶ አይደለም፤ ሥዕል ያለ ስም ምስክርነቱ ጐደሎ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ለከተማ ፎቶግራፍም «ዘከመ» ያስፈልገዋል። ስልክ ቀኑንና ሰዓቱን፣ አንዳንዴም ቦታውን በራሱ ይመዘግባል፤ ቤቱን ያሠራው ማን እንደሆነ፣ ኋላ ማን እንደኖረበት፣ ይህንንስ ማን እንደተናገረ ግን አይመዘግብም። የታየው ታየ፣ የተሰማው ተሰማ ተብሎ ተለይቶ ቢጻፍ፣ የሚጠራጠረውም «ይባላል» የሚል ቃል ቢከተለው፣ ለነገው ተመራማሪ ያለፈው ትውልድ የታመነ ባልንጀራ ይሆንለታል። አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ ከዴኒ ዤራር ጋር እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ስላለው የአዲስ አበባ የሕንፃ ቅርስ ያዘጋጁት መጽሐፍ ሥዕልና ጽሑፍ እንዲህ ሲረዳዱ ምን እንደሚሆን ያሳያል።

ፎቶግራፍ ቤትን ከመፍረስ ያድናል ብሎ ተስፋ ማድረግ ግን ሞኝነት ነው። በ1875 እ.ኤ.አ. በለንደን፣ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አቅራቢያ ኦክስፎርድ አርምስ የሚባል የጥንት መንገደኞች ማደሪያ ሊፈርስ ነው ቢባል፣ ጥቂት ወዳጆች ገንዘብ አዋጥተው ፎቶግራፍ አስነሡት፤ ማደሪያው ከመፍረስ አልዳነም። እነርሱ ግን አልተበተኑም፤ እስከ 1886 ድረስ እየቀጠሉ 120 ሥዕል አከማቹ፣ በኋላም ለእያንዳንዱ ማብራሪያ ጽሑፍ ጨመሩበት። ቤትን ማዳን የሕግና የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ በእኛም አገር ለቅርስ ጥበቃ በ1992 ዓ.ም የወጣ አዋጅ ቍጥር 209 አለ። ነገር ግን ሕግ የሚጠብቀው በመዝገብ የሰፈረውን ነው፤ በመዝገብ የሚሰፍረውም አስቀድሞ አንድ ሰው አይቶ ስሙን የጠየቀለት ብቻ ነው።

ስለዚህ ያን ጥያቄ በጠየቁኝ በሳምንቱ እርሳስ ይዤ ወደ ባልቴቷ ተመለስሁ። ፎቶግራፉን በጉልበቴ ላይ ገልብጬ እርሳቸው እየነገሩኝ ጻፍሁ፤ የሰፈሩን ስም፣ ቤቱን አንድ ነጋዴ እንዳሠራው፣ የክፈፉን እንጨት ሕንድ አናጢ ነው የሠራው እንደሚባል፣ እርሳቸው በ1968 ዓ.ም በቀበሌ ተመርተው እንደገቡበት፣ ስድስት ልጆችም እንደወለዱበት። ጨርሼ ሳነብላቸው በጥሞና ሰሙኝና ጥቂት አሰብ አድርገው፣

«አንድ ነገር ቀርቶሃል» አሉኝ። «ነጠላዬን ሳልለብስ በፊት ምስር እለቅም ነበር፤ እሱንም ጻፍበት።»

በፎቶግራፉ ላይ ምስሩ አይታይም፤ ጻፍሁት።